«ዕድሜያችን አልፏል» ለሚሉ ወጣቶች፤ የማኅፀን በር ነቀርሳና የክትባቱ ነገር

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በጤና ጥበቃ ነገር ከሁሉ ይልቅ እውነትነቱ ይታያል። በሽታ ከገባ በኋላ ለማስወጣት የሚወጣው ገንዘብ፣ የሚባክነው ጊዜና የሚፈሰው እንባ፤ በሽታው እንዳይገባ በሩን ለመዝጋት ከሚጠይቀው ድካም ጋራ ሲመዛዘን እጅግ የበዛ መሆኑን የማያውቅ የለም። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ጉዳይ ግን ከዚህ ጥቂት ራቅ ያለ ነው። ይኸውም በሩ ሊዘጋ በሚገባው ጊዜ ሳይዘጋላቸው የቀሩ ሰዎች፤ ማለት በልጅነታቸው ክትባቱን ሳያገኙ ያደጉ ወጣቶችና ጐልማሶች፤ ዛሬ ምን ማድረግ ይችላሉ? የሚለው ጥያቄ ነው። በሽታው የማኅፀን በር ነቀርሳ (ካንሰር) ሲሆን፤ ክትባቱም ኤች ፒ ቪ የሚባለውን ቫይረስ ለመከላከል የሚሰጠው ነው።

ጥያቄውን በተለይ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የምናቀርብበት ምክንያት አለን። ይህ ክትባት በኢትዮጵያ በይፋ መሰጠት የጀመረው በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ሲሆን፤ ያን ጊዜ የተመረጡት ዕድሜያቸው 14 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች ነበሩ። ክትባቱም በሁለት ዙር እንዲሰጣቸው ተደረገ። ከዚያ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ልጃገረዶች በአንድ መርፌ ለመድረስ ሰፊ ዘመቻ ተካሂዷል። ይህ ሥራ የሚያስመሰግን መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ክትባቱ በተጀመረበት ዓመት 15 ወይም 16 ዓመት ሆኗቸው የነበሩት ልጃገረዶች በጥቂት ወራት ልዩነት ከተራው ውጭ ቀሩ። እነዚያ ልጃገረዶች ዛሬ አድገው ወይ በዩኒቨርሲቲ ይማራሉ፤ ወይም ተመርቀው በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ይዘዋል።

በሌላ በኩል፤ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው የማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ እንዲያደርጉ በአገራችን የሚመከሩት ሴቶች በመሠረቱ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑት ናቸው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለችው የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት፤ የክትባቱ በር ከኋላዋ ተዘግቶ፤ የምርመራው በር ገና ሳይከፈትላት፤ በሁለት በሮች መካከል ቆማ ትገኛለች። ስለ እርስዋ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን ጉዳዩ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለናል።

ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገርና ስለ ዓለም ሁኔታ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

የበሽታው ክብደት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፤ በ2022 በመላው ዓለም 660,000 የሚሆኑ ሴቶች በማኅፀን በር ነቀርሳ ተይዘዋል፤ 350,000 የሚሆኑትም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ከሟቾቹ ውስጥ ከመቶ 94 የሚሆኑት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በኢትዮጵያም ይህ በሽታ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ የነቀርሳ ዓይነት ነው። ለ2020 በወጣው ግምት በአገራችን በዓመት 7,400 የሚሆኑ ሴቶች በሽታው አዲስ ሲይዛቸው፤ 5,300 የሚሆኑት ደግሞ ይሞታሉ።

የተያዙትና የሞቱት ቍጥር እንዲህ የተቀራረበበትን ምክንያት ማስተዋል ይገባል። በሽታው በጊዜ ሲደረስበት የሚድን ሆኖ ሳለ፤ አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚቀርቡት ደም መፍሰስና ሕመም ከጀመረ፤ ነቀርሳውም ከተስፋፋ በኋላ ስለሆነ ነው። የሚያጠቃውም አብዛኛውን ጊዜ ሴቲቱ ልጆች በምታሳድግበት፤ ቤትዋንና ሥራዋን በምትመራበት ዕድሜ ነው። ከዚህ የተነሣ ጉዳቱ በአንዲት ሴት ላይ ብቻ ሳይወሰን ለቤተ ሰብ ሁሉ ይተርፋል።

ቫይረሱና ክትባቱ

ሐራልድ ትሱር ሐውዘን የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ባደረጉት ጥናት፤ በማኅፀን በር ነቀርሳ ውስጥ ኤች ፒ ቪ 16 የተባለውን የቫይረስ ዓይነት በ1983፤ ኤች ፒ ቪ 18 የተባለውን ደግሞ በተከታዩ ዓመት ለዩ። ስለዚህም ሥራቸው በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዛሬ እንደሚታወቀው የዚህ ቫይረስ ዓይነቶች ከ200 በላይ ሲሆኑ፤ አብዛኞቹ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያደርሱም። እነዚያ 16ኛውና 18ኛው ግን በዓለም ላይ ከሚታየው የማኅፀን በር ነቀርሳ ከመቶ 70 የሚሆነውን የሚያመጡ ናቸው።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በዚያ አካባቢ በሚደረግ የቆዳ ንክኪ ነው። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። የሥጋ ግንኙነት ካደረጉ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ፤ ወንዱም ሴቱም፤ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይህ ቫይረስ ሳይደርስባቸው አይቀርም። ደግነቱ የሰውነት ኃይል በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያስወግደዋል። ሳይወገድ ተደብቆ የሚቆየው ግን ቀስ በቀስ የማኅፀኑን በር ሕዋሳት እየለወጠ ከ15 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሴቶች ዘንድ አደጋው 6 እጥፍ ከመሆኑም በላይ፤ ሕክምናቸውን ካልተከታተሉ ጊዜው ከ5 እስከ 10 ዓመት ድረስ ያጥራል።

የክትባቱ መሠረት የተጣለው በ1991 በአውስትራልያ በኲንስላንድ ዩኒቨርሲቲ፤ ኢያን ፍሬዘርና ጂያን ዡ በተባሉ ሁለት ሊቃውንት ነው። ያገኙትም ዘዴ የቫይረሱን የውጭ ልባስ ብቻ መሥራት ነበር። ፍሬው የወጣለት ገለባ ቢዘሩት እንደማይበቅል ሁሉ፤ በክትባቱ ውስጥ ያለውም ልባስ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በሽታ ሊያመጣ አይችልም። የሰውነት ጠባቂ ኃይል ግን የጠላቱን መልክ ከዚያ ይማራል። የመጀመሪያው ክትባት በ2006 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2014 ደግሞ ዘጠኝ የቫይረስ ዓይነቶችን የሚከላከለው ጋርዳሲል 9 የተባለው ተፈቀደ።

እዚህ ላይ ለጐልማሶች ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ማስገንዘብ ይገባል። ክትባቱ ይከላከላል እንጂ አያክምም። አስቀድሞ የገባውን ቫይረስ አያስወጣም፤ የተጀመረውንም ቍስለት አያድንም። ልጃገረዶች ገና በ9 እና በ14 ዓመት መካከል ሳሉ እንዲከተቡ የሚደረገውም ቫይረሱ ሳይደርስባቸው በፊት ለመቅደም ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነውን?

ታዲያ ክትባቱ ከቫይረሱ መቅደም ካለበት፤ ጐልማሳ ሰው መከተቡ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት አይደለምን? የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ጅቡ አንድ ብቻ አይደለም የሚል ነው። አንዲት ሴት ከዘጠኙ ዓይነት አንዱ ወይም ሁለቱ ደርሰውባት ይሆናል፤ ሁሉም የደረሱባት ግን እምብዛም አትገኝም። እንግዲህ ካልደረሱባት ዓይነቶች ክትባቱ ሊጠብቃት ይችላል።

ይህም በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። በ2020 በታተመ የስዊድን ጥናት 1.67 ሚሊዮን የሚሆኑ ልጃገረዶችና ሴቶች ታይተው ነበር። ከ17 ዓመት በፊት የተከተቡት፤ ካልተከተቡት ጋራ ሲነጻጸሩ፤ የማኅፀን በር ነቀርሳ በከመቶ 88 ቀንሶ ተገኘባቸው። ከ17 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ የተከተቡትም ቢሆኑ በከመቶ 53 ቀንሶላቸዋል። እንግዲህ ዘግይቶ የመጣው ሰው ያገኘው ጥቅም ቀድሞ የመጣው ካገኘው ቢያንስም፤ ከግማሽ የሚበልጠውን አደጋ ማራቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ከቅርብ ጎረቤታችን ከኬንያም ምስክር አለ። በዚያ አገር ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 20 ዓመት የሆነ፤ የሥጋ ግንኙነትም የጀመሩ 2,275 ወጣት ሴቶች በተሳተፉበት፤ በ2022 በታተመ ጥናት፤ አንድ መርፌ ብቻ 16ኛውንና 18ኛውን ዓይነት ቫይረስ በከመቶ 97.5 ያህል ሊከላከል እንደሚችል ታይቷል። ውጤቱ የተለካው ክትባቱ ከተሰጠ ከ18 ወር በኋላ ሲሆን፤ የተሰላውም አስቀድሞ እነዚህ ዓይነቶች ባልተገኙባቸው ሴቶች ላይ ነው።

ዕድሜያቸው ከፍ ያለውን በሚመለከት፤ ከ24 እስከ 45 ዓመት በሆኑ ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ሁለት መልክ ያለው ውጤት ሰጥቷል። ቫይረሱ ባልደረሰባቸውና ክትባቱን በሙሉ በወሰዱት ዘንድ መከላከያው ከመቶ 88 ያህል ሲሠራ፤ ቀድሞ የደረሰባቸውም ሲጨመሩ ግን ወደ ከመቶ 47 ዝቅ ብሏል። በዚህም ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፤ ክትባቱ በዕድሜ ብዛት ኃይሉን የሚያጣ አይደለም፤ ጥቅሙን የሚቀንሰው ቀድሞ የገባው ቫይረስ ነው። ሁለተኛ፤ መከተብ ካስፈለገ ዛሬ ከነገ ይሻላል።

የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2018 ክትባቱ እስከ 45 ዓመት ላሉ ሴቶችና ወንዶች እንዲሰጥ የፈቀደው ይህን የመሰለ ማስረጃ አይቶ ነው። በተከታዩ ዓመት በ2019 የአገሩ የክትባት አማካሪዎች ጉባኤ ባወጣው ምክር፤ እስከ 26 ዓመት ያሉ ያልተከተቡ ሰዎች ሁሉ እንዲከተቡ፤ ከ27 እስከ 45 ዓመት ያሉት ግን ከሐኪማቸው ጋራ ተማክረው እንዲወስኑ ተባለ።

ተራው ለምን በልጃገረዶች ጀመረ?

ክትባቱ ለጐልማሶችም የሚጠቅም ከሆነ፤ የመንግሥታት ነጻ ፕሮግራም ስለ ምን በልጃገረዶች ተወሰነ? ብሎ መጠየቅ የወጣት ባለ ሥልጣን ሁሉ ፋንታ ነው። ምክንያቱ የገንዘብና የአቅርቦት ነው። በዓለም ላይ ይሠራ የነበረው ክትባት ለብዙ ዓመታት ከፍላጎቱ ያነሰ ነበር። ኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ የጀመረችው በዚሁ እጥረት ምክንያት ነው። በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች፤ እጥረቱ እስኪቀል ድረስ አገሮች ወንዶች ልጆችንና ዕድሜያቸው ከፍ ያለውን መከተብ እንዲያዘገዩ መክረው ነበር። አንድ ጠብታ ውኃ ሲኖር በመጀመሪያ ለችግኙ ማጠጣት ይገባል የሚለው አሳብ በእውነት የሚነቀፍ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁኔታው ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2022 ባወጣው ምክር፤ ከ9 እስከ 20 ዓመት ላሉት አንድ መርፌ ብቻ ሊበቃ እንደሚችል፤ 21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሴቶች ደግሞ በ6 ወር ልዩነት ሁለት መርፌ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሁለት ልጃገረዶች በሚከተቡበት መጠን ድሮ አንዲት ብቻ ትከተብ ስለነበር፤ ይህ ለውጥ ብዙ ክትባት ያተርፋል። ስለዚህ የጐልማሶቹ ጉዳይ «አይሆንም» የሚባል ሳይሆን፤ «ተራው መቼ ይድረስ?» የሚባል ሆኗል ማለት ነው።

ለመከተብ የሚፈልግ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ሐኪም ማማከር ነው። ከመከተብ በፊት ቫይረሱ መኖሩንና አለመኖሩን መመርመር ግዴታ አይደለም። ባለ ትዳር መሆንም፤ ቀድሞ በምርመራ አጠራጣሪ ውጤት ማግኘትም፤ መከተብን አይከለክልም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን እስክትወልድ ትቆይ፤ የምታጠባ እናት መከተብ ትችላለች። ጋርዳሲል የሚሠራው በእርሾ አማካይነት ስለሆነ፤ እርሾ በኃይል የሚያስቈጣው ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ከመርፌው በኋላ የክንድ ሕመም፣ ጥቂት ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ሊያጋጥም ይችላል። ማዞር የሚይዛቸውም ስላሉ 15 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ መቈየት ይገባል።

የመርፌው ብዛት በየአገሩ ይለያያል። በአምራቹ መመሪያ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው ሦስት መርፌ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በሁለተኛው ወር፤ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከላይ እንደጠቀስነው ከዚህ ያነሰ ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለና በሌላም ምክንያት የሰውነታቸው የመከላከል ኃይል ለደከመ ሰዎች ግን ቢያንስ ሁለት፤ ቢቻል ሦስት መርፌ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ዋጋው ነው። ለድኻ አገሮች ክትባት የሚገዛው ጋቪ የተባለው ማኅበር በ2013 አንዱን መርፌ በ4.50 ዶላር ለማግኘት ተዋውሎ ነበር። በአሜሪካ የግል ገበያ ግን የአንዱ መርፌ ዋጋ ከ250 ዶላር በላይ ነው። በአገራችን የመንግሥቱ ነጻ ክትባት የተዘጋጀው ለልጃገረዶች ስለሆነ፤ ጐልማሳው በግሉ መጠየቅና መክፈል ሊኖርበት ነው። እንግዲህ በቅድሚያ የሆስፒታል ሐኪም ጠይቆ፤ ክትባቱ በሕጋዊ መንገድ መግባቱንና መገኘቱን ማረጋገጥ ይበጃል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተጠበቀ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የመጣ፤ ወይም ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ሰው የተገዛ መርፌ ገንዘብን ከማባከን በቀር ፋይዳው አይታመንም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊረዳ ቢፈልግ፤ ክትባቱን ከሚልክ ይልቅ እርሱ ራሱ በዚያው ቢከተብ ይሻላል። በብሪታንያ በትምህርት ቤት ሳለች ያመለጣት ወጣት 25 ዓመት እስኪሞላት ድረስ በነጻ ልትከተብ ትችላለች። በአሜሪካም የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሐኪማቸው፣ ከፋርማሲና ከአካባቢው የጤና መሥሪያ ቤት ሊጠይቁ ይችላሉ። በተለይ 27 ዓመት ያለፋቸው ኢንሹራንሳቸው ይከፍል እንደሆነ ከመርፌው በፊት መጠየቅ አለባቸው።

የወንዶች ፋንታ

ነገሩ የማኅፀን በር ነቀርሳ ስለተባለ ወንዶች አያገባንም እንዳይሉ እንመክራለን። ይኸው ቫይረስ በወንዶች ላይ የጉሮሮ፣ የፊንጢጣና የብልት ነቀርሳ፤ እንዲሁም በብልት ላይ የሚወጣ ኪንታሮት ሊያመጣ ይችላል። ከዚህም በላይ ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ስለሆነ፤ የሴቲቱ ጤና በከፊል በወንዱ እጅ ነው። አቅርቦቱ ሲበቃ ወንዶች ልጆችንም የሚከትቡ አገሮች ቍጥር እየበዛ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራውን ማን ይተካዋል?

ክትባት የወሰደችም ያልወሰደችም ሴት ከምርመራ ነጻ አትሆንም። ክትባቱ ነቀርሳ የሚያመጡትን ዓይነቶች ሁሉ አይሸፍንም፤ ቀድሞ የገባውንም አይነካም። ምርመራው ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም። በአገራችን በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዘዴ የማኅፀኑን በር በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። የተለወጠው ክፍል ወደ ነጭነት ይቀየራል። ቍስለቱ ገና ነቀርሳ ሳይሆን ከተገኘ፤ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት በቀላሉ ሊጠፋ ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ሠላሳ ዓመት እስኪሞላቸው ሳይጠብቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ከ25 ዓመት ጀምሮ ይመርመሩ። ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጭ ደም የሚፈስሳት ሴት ደግሞ ዕድሜዋ ምንም ይሁን ምን ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ትሂድ።

እፍረትና ወሬ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በዚህ በሽታ ነገር ከገንዘብ እጦት ይልቅ የሚጐዳው እፍረት ነው። ያላገባች ወጣት ስለ ክትባቱ ብትጠይቅ «ምን አድርጋ ነው?» ይሏታል ብላ ትፈራለች። ያገባችውም ቫይረሱ ቢገኝባት ትዳርዋ የሚናወጥ ይመስላታል። ነገር ግን ቫይረሱ ለብዙ ዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቈይ ስለሚችል፤ ዛሬ መገኘቱ የማንንም አለመታመን አያስረዳም። ይህን ባልም ሚስትም ቢያውቁት ብዙ ጠብ ይቀራል።

ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለውም ወሬ ማስረጃ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት ኮሚቴ፤ እስከ 2017 ከ270 ሚሊዮን በላይ መርፌ ከተሠራጨ በኋላ ጉዳዩን መርምሮ፤ ክትባቱ ደኅንነቱ እጅግ የተጠበቀ መሆኑን አስታውቋል። ይልቁንስ ማኅፀንን እስከ ማውጣት የሚያደርሰው፤ መውለድንም የሚያስቀረው ነቀርሳው ራሱ ነው።

የዓለም የጤና ጉባኤ በ2020 ባጸደቀው ዕቅድ፤ እስከ 2030 ድረስ ከመቶ 90 ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፤ ከመቶ 70 ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፤ ከታመሙትም ከመቶ 90 የሚሆኑት ሕክምና እንዲያገኙ ታስቧል። ዕቅዱ መልካም ነው። ነገር ግን በሁለቱ በሮች መካከል ያለችው የሃያዎቹ ወጣት በዚህ ስሌት ውስጥ ስሟ አልተጻፈም። በበኩላችን፤ የታናናሾቹ ተራ ሳይነካ፤ የሚተርፈው ክትባት በመጀመሪያ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ወጣት ሴቶች፤ ቀጥሎም በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ላሉት የሚደርስበት መንገድ ቢጠና ይገባል እንላለን። በጤና ጥበቃ ሥራ የተሰማሩ ወጣት ባለ ሥልጣኖች ይህን አሳብ ቢመዝኑት ደስ ይለናል።

እስከዚያው ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የሚቻለው ይከተብ፤ ያልተቻለውም የምርመራውን ዓመት በማስታወሻው ይጻፍ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የዛሬው አንባቢ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ፤ 9 ዓመት የሞላት እኅት ወይም የእኅት ልጅ ካለችው ተከትባ እንደሆነ ይጠይቅ፤ እናቱንም ተመርምራ እንደሆነ ይጠይቅ። በአንድ ቤት ውስጥ ለታናሽ የሚከፈት በር፤ ለታላቅም የሚከፈት በር አለ። በመካከል የቆመው ወጣት ሁለቱን እጅ ይዞ ወደየበራቸው ሊያደርስ የሚችል እርሱ ነው።